ይጠብቁ

«ይጠብቁ» ይላል ስልኩ፤ ቫዮሊን ይከተላል፤
አርባ ደቂቃ ሙሉ ያንኑ ያንኑ ይላል።
ግሌኒስ ሻዩን ትታ ከገመዱ ልብስ ታወርዳለች፤
ስድሳ ዓመት ኖራበት፣ የላኔሊን ሰማይ መቼ ታምናለች።

ይህን ቃል ከሰማሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ።
ሐኪሙ ነበር ያኔ፣ ኮቴን ሳላወልቅ የነገረኝ፦
«አቶ ኢድወል፣ ደምዎ ውስጥ ነጩ በዝቷል፤
ካንሰር ነው ስሙ፤ ግን እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል።
የተኛን አንቀሰቅስም፤ መድኃኒትም የለው ለጊዜው፤
በየሦስት ወሩ ደም ይስጡ። ይጠብቁ። ይኸው።»

መጠበቅማ ሥራዬ ነበር።
ሠላሳ አራት ዓመት በደቡብ ዌልስ ሀዲድ ዳር፣
በምልክት ቤት ውስጥ፣ ከብረት ማንሻዎች ጋር፣
ባቡር ስጠብቅ፣ ባቡር ከባቡር እንዳይጋጭ ስጠብቅ፤
ሁለቱም አንድ ቃል ነው፤ የቱን እየሠራሁ እንደሆነ ሳላውቅ።

«ሃሎ» አለ አንድ ልጅ፤ ድምፁ ገና አልጎረነነም።
«ዕድሜ?» ሰባ አንድ። «ማጨስ?» ተውኩት። «ሕመም?» አላመመኝም።
«በሽታ ማለቴ ነው።» ስሙን ነገርኩት፣ ፊደል በፊደል፤
ቁልፎቹን ሲመታ ይሰማኛል፤ በረዶ በቆርቆሮ ላይ ይመስል።
«ሕክምና እየጠበቁ ነው?»
«እየጠበቅሁ ነው» አልኩ፤ መዋሸት አልለመድኩም።
«ይቅርታ ጌታዬ፤ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው አንሸፍንም።»
«ልጄ፣ የምጠብቀው ሕክምና አይደለም፤
እሱ እንዳይመጣ ነው የምጠብቀው፤ አልገባህም?»
«ገብቶኛል» አለ። «ግን እንደሱ የሚል ሳጥን የለም።»

ሁለተኛው ድርጅት ለጋስ ነው፤ ሁሉን ሰጠኝ፦
ሻንጣዬን፣ መነጽሬን፣ ጥርሴን፤ ብወድቅ እግሬን ሊጠግንልኝ፤
አውሮፕላን ቢዘገይ ሳንድዊች፤ ብሰረቅ የቦርሳ ካሳ፤
«ደምዎ ብቻ አይገባም» አለ፣ አንቀጽ ዘጠኝን እያወሳ።
ታዲያ ደሜን የት ላድርገው? ከድመቱ ጋር ጎረቤት ላስቀምጠው?
ቁልፍ ሰጥቼ፣ «ማታ ማታ እዪው፣ ውሃም ስጪው»?
እህቴ ነስታ ማልታ ላይ ሰማንያ ዓመቷን ስታከብር፣
ሥጋ ዘመዷ ይምጣ፣ ደሙ ግን ላኔሊ ይቅር?

ሦስተኛው ሺህ አንድ መቶ ፓውንድ ጠራ።
ቲኬቱ ዘጠና ነበር።
«በዚህ ዋጋ ደሴቲቱ ራሷ ትምጣ!» አለች ግሌኒስ፣ ካልሲ እያጠፈች፤
ከዚያ ዝም አለች፤ ያንኑን ካልሲ ፈትታ እንደገና አጠፈች።

ሐሙስ ዕለት አንዲት ሴት፣ ጉንፋን የያዛት፣
ጥያቄውን ገልብጣ አመጣችው፤ ማን እንዳስተማራት፦
«ሐኪሞቹ እርስዎን ነው የሚጠብቁ፣ ወይስ እርስዎ እነሱን?»
ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ። ይህን ጠይቆኝ አያውቅም ማን።
«እነሱ እኔን» አልኳት።
«እንግዲያው ሌላ ሳጥን አለ» አለች፤ አስነጠሳት።
ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ፓውንድ፤ ደሜም ጭምር።
«ብዙ ጠበቁ?» አለችኝ ልትዘጋ ስትል።
ስልኩን ይሁን ደሜን አልጠየቅኋትም፤
«ልማዴ ነው» አልኩ።

የሸጠችልኝ መድን ነው፤ መዳን እንዳልሆነ አውቃለሁ።
ሰኞ ደም እሰጣለሁ፣ ማክሰኞ እበራለሁ።

በምልክት ቤቱ መዝገብ ነበረን፤ ማታ ማታ የምንጽፍበት፤
ብዙው ገጽ «ምንም አልተከሰተም» ነው፣ ሰዓቱ ከጎኑ ያለበት።
ያጨበጨበልን የለም፤ ተሳፋሪው ያንቀላፋል፣ ባቡሩ ያልፋል፤
ግን ለዚያ ለምንም ዓርብ ዓርብ ደመወዝ ይከፈላል።

ግሌኒስ ወረቀቱን ከካልሲዎቼ መሀል ከተተችው።
ደመናው ከወንዙ አፍ በላይ ነው፤ ጠዋት ከነበረበት አልተነቃነቀም፤
ልብሱ ቤት ገብቷል፤
ገመዱ ብቻውን ይወዛወዛል።